የተባረሩት ሰዎች መዝገብ

ጆን ፒዩሪፎይ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1950 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው ከመሥሪያ ቤታቸው ስለ ወጡ ሰዎች ተጠየቁ። 91 ሰዎች መልቀቃቸውን ተናገሩ፤ አብዛኞቹም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እንደነበሩ ጨመሩ። ይህ ሚኒስቴሩ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ከከፈቱበት የኮሚኒስት ክስ ራሱን ለማዳን የሰጠው መልስ ነበር። እሳት ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ግን ቤንዚን ሆነ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ዋሽንግተን የምታወራው ይህንኑ ነበር። የከተማዋ ፖሊስ የሥነ ምግባር ክፍል ኃላፊ ሌተናንት ሮይ ብሊክ በዋና ከተማዋ 5,000 የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች እንዳሉ፣ ከእነሱም 3,750ዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ ተናገሩ። ቁጥሩ ግምት ነበር። ነገር ግን ቁጥር አንዴ ከተነገረ ማን ቆጠረው ብሎ የሚጠይቅ አይበዛም፤ ጋዜጦቹ ተቀባበሉት። በዚያው ዓመት በሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ክላይድ ሆይ የተመራ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በዲሴምበር ሪፖርት አወጣ። እነዚህ ሰዎች ምስጢራቸው እንዳይጋለጥ ሲሉ ለውጭ ሰላይ ማስፈራሪያ ይንበረከካሉ፤ ስለዚህ በመንግሥት ቢሮ ቦታ የላቸውም የሚል ነበር ድምዳሜው።

ማስረጃው ምን ነበር? አንድ ሰው፤ እሱም አሜሪካዊ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለሩሲያ ሲሰልል ተደርሶበት በ1913 ራሱን የገደለው የኦስትሪያ የስለላ መኮንን አልፍሬድ ሬድል ነበር። በዚህ ዓይነት ማስፈራሪያ የአገሩን ምስጢር አሳልፎ የሰጠ አንድም አሜሪካዊ ኮሚቴው ሊጠቅስ አልቻለም። ሪፖርቱ ግን ለአሥርተ ዓመታት ያልታበለ እውነት ተደርጎ ሲጠቀስ ኖረ።

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ኤፕሪል 27 ቀን 1953 ቁጥር 10450 የተባለውን ትእዛዝ ሲፈርሙ ጥርጣሬው ደንብ ሆነ። ዛሬ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ ባሉ የመንግሥት ኮንትራክተሮች ዘንድ ተቀጥሮ የደኅንነት ማረጋገጫው (ክሊራንሱ) እስኪወጣ የሚጠባበቅ ወገናችን መርማሪ ጎረቤቱን አንኳኩቶ ሲጠይቅ አይገረምም። በእነዚያ ዓመታት ጥያቄው የሚጀምረው ከሠራተኛው መኝታ ቤት ነበር። ሠራተኛው በድንገት ይጠራል፣ ሁለት መርማሪዎች ፊት ይቀመጣል፣ ስለ አንተ መረጃ ደርሶናል ይባላል። ከዚያ የጓደኞቹን ስም እንዲሰጥ ይጠየቃል። ብዙዎቹ ለቤተሰብ ሳይሰማ ይለፍ ብለው የመልቀቂያ ወረቀት ፈርመው ወጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ እንጀራቸውን አጥተዋል። አብዛኞቹ ዝም ብለው ስለሄዱ ከመንግሥት ካዝና በቀር ታሪካቸውን የያዘ ቦታ አልነበረም።

ዝም ያላለው ሰው የመጣው ከከዋክብት ጥናት ነው። ፍራንክ ካሜኒ በ1925 በኒውዮርክ ኩዊንስ ተወለዱ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ግንባር ተዋጉ፤ በ1956 ከሃርቫርድ በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ካስተማሩ በኋላ በ1957 ክረምት በጦር ሠራዊቱ የካርታ ሥራ ድርጅት ተቀጠሩ። ድርጅቱ የሚገኘው በሜሪላንድ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በዚያው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ያመጠቀችው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው፤ አሜሪካ የሥነ ፈለክ ሊቅ በጣም የሚያስፈልጋት ጊዜ ነበር። ቀደም ሲል ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የገጠማቸው እስር ተነሣና ዓመቱ ሳያልቅ ተባረሩ። በጃንዋሪ 1958 ደግሞ በማናቸውም የፌደራል መሥሪያ ቤት እንዳይቀጠሩ ታገዱ።

ሥራ የለም፣ ገንዘብ የለም። በቀን 20 ሳንቲም በሚያወጣ ምግብ የኖሩበት ጊዜ ነበር። ይግባኙ በየደረጃው ሲወድቅ ጠበቃቸው ተስፋ ቆረጡ፤ ካሜኒ ግን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን አቤቱታ ራሳቸው ጽፈው በጃንዋሪ 1961 አስገቡ። ምሕረት አልለመኑም፤ መንግሥት አንድን የዜጎች ወገን በሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ዜጋ ማድረጉ ከዘርና ከሃይማኖት አድልዎ አይለይም ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ በማርች አቤቱታውን ሳያይ መለሰው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በቼቪ ቼዝ ሜሪላንድ ካደገው ወጣት ከጃክ ኒኮልስ ጋር ሆነው ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት የሚታገለውን የዋሽንግተን ማታሺን ማኅበርን መሠረቱ።

ማኅበሩ ከሚልካቸው ጽሑፎች አንዱ በየጊዜው በኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር በኤድጋር ሁቨር ስም ይደርስ ነበር። ቢሮው ስማቸው ከዝርዝሩ እንዲወጣ ቢጠይቅ እናንተ የያዛችሁብንን ፋይል አጥፉ፣ እኛም ስሙን እናወጣለን የሚል መልስ አገኘ። ፋይሉም ስሙም ባለበት ቀረ። የካሜኒ ግትርነት ሰውን ያስቸግር እንደነበር የትግል ጓደኞቻቸውም ያውቁታል፤ ያለዚያ ግትርነት ግን ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው በእጁ የሚይዘው ወረቀት ባልኖረ ነበር።

ኦገስት 28 ቀን 1963 ካሜኒና ኒኮልስ ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግራቸውን ባደረጉበት ታላቅ ሰልፍ መካከል ነበሩ። ሩብ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የተገኘበትን ያንን ሰልፍ በሁለት ወር ገደማ ያደራጁት ቤያርድ ራስቲን ናቸው፤ እሳቸውም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነበሩ። በ1953 በካሊፎርኒያ ፓሳዲና በዚሁ ምክንያት ታስረዋል። ሰልፉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የደቡብ ካሮላይናው ሴናተር ስትሮም ተርሞንድ ያንን የእስር መዝገብ በሴኔት አዳራሽ አነበቡት። የሰልፉ መሪ ፊሊፕ ራንዶልፍ ግን ራስቲንን አሳልፈው አልሰጡም። ይህ ታሪክ ሙሉ ሆኖ እስኪጻፍ 40 ዓመት ወስዷል፤ በኋላ የጻፉት ጆን ዲኤሚሊዮ ያን ጊዜ ገና በብሮንክስ የሚያድጉ ልጅ ነበሩ።

ኤፕሪል 17 ቀን 1965 ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች መፈክር ይዘው በዋይት ሐውስ አጥር ፊት ተሰለፉ። ካሜኒ ደንብ አውጥተው ነበር፦ ወንድ በሱፍና በክራቫት፣ ሴት በቀሚስ። ሥራ የሚጠይቅ ሰው ሥራ ሊቀጠር የሚገባው መምሰል አለበት የሚል ስሌት ነበራቸው። ከሴቶቹ አንዷ ሊሊ ቪንሰንዝ ነበሩ፤ በኋላ ካሜራ ይዘው የዘመኑን ሰልፎች በፊልም ያስቀሩ፣ በአርሊንግተን ቨርጂኒያ ቤታቸውንም ለሌሎች ሴቶች መሰብሰቢያ ያደረጉ ሴት ናቸው። በዚያ ክረምት ሰልፉ ወደ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፣ ወደ ፔንታጎን፣ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዞረ። መፈክሮቹ ከሰልፍ በኋላ ወደ ካሜኒ ቤት ተመልሰው ቆጥ ላይ ይወጣሉ። ካሜኒ ወረቀት አይጥሉም ነበር።

በጁላይ 1969 በዋሽንግተን የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከናሳ የተባረሩት የበጀት ባለሙያ ክሊፎርድ ኖርተን ረቱ። መንግሥት ሠራተኛን ለማባረር የግል ሕይወቱን ከሥራው ጋር የሚያያይዝ ምክንያት ማሳየት አለበት ተባለ። በኒውዮርክ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሚሰበሰቡበት የስቶንዎል መጠጥ ቤት ከፖሊስ ጋር ሁከት ከተነሣ ገና ቀናት ነበሩ፤ ዓለም የሚያስታውሰው ሁከቱን ነው፤ ፍርዱን የሚያውቁት ጠበቆች ብቻ ናቸው። በጁላይ 1975 ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ ደንቡን ለወጠ። የክሊራንሱ በር ግን እስከ 1995 የፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም።

የካውንቲ ትምህርት ቤት ግን የፌደራል መሥሪያ ቤት አይደለም። በ1972 በሞንትጎመሪ ካውንቲ በፓርክላንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር የነበሩት ጆ አካንፎራ ማንነታቸው በጋዜጣ ሲወጣ ከክፍል ተነሥተው ወደ ቢሮ ሥራ ተዛወሩ። ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1974 የሰጠው ውሳኔ ሁለት ፊት ነበረው፦ በአደባባይ መናገራቸው መብታቸው ነው፤ ሆኖም በሥራ ማመልከቻው ላይ በዩኒቨርሲቲ የጌይ ተማሪዎች ማኅበር አባል እንደነበሩ ስላልጻፉ ሊካሱ አይገባም። ቢጽፉት አይቀጠሩም ነበር፤ ባለመጻፋቸው ተሸነፉ። ወደ መምህርነት አልተመለሱም።

እዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊው ይመጣሉ። ጆን ዲኤሚሊዮ በ1948 ከጣሊያን ዘር ካለው ካቶሊክ ቤተሰብ የተወለዱ፣ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተማሩና የቬትናምን ጦርነት የተቃወሙ ሰው ናቸው። በ1973 በኒውዮርክ የጌይ ምሁራን ኅብረት ሲመሠረት ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ለዶክትሬት የመረጡት ርእስ ከስቶንዎል በፊት የነበረው እንቅስቃሴ ነው፤ ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ርእስ የመምህርነት ሥራ ያሳጣል እንጂ አያስገኝም ነበር። ጥናቱ በ1983 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ትግሉ በ1969 በአንድ ሌሊት አልተወለደም፣ ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል ትናንሽ ማኅበራት በደብዳቤ፣ በይግባኝና በሰልፍ ሜዳውን ሲያጸዱ ኖረዋል አሉ። ካሜኒና የዋሽንግተን ማኅበራቸው ከታሪክ ምሁር እጅ በቂ ቦታ ያገኙት በዚህ መጽሐፍ ነው።

በዚያው ዓመት ያወጡት አጭር ድርሰት ግን የትግል ጓደኞቻቸውንም አላስደሰተም ይሆናል። እንቅስቃሴው እኛ ሁልጊዜም፣ በየዘመኑና በየአገሩ ነበርን እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ዲኤሚሊዮ አልተቀበሉትም። ድርጊቱ በየዘመኑ ይኖራል፤ ሰው ግን ማንነቱን በዚያ ሰይሞ፣ ከመሰሎቹ ጋር ሰፈርና ማኅበር መሥርቶ መኖር የቻለው የደመወዝ ሥራ ከቤተሰብ እርሻ ካላቀቀውና ወደ ከተማ ካመጣው በኋላ ነው ብለው ጻፉ። ይህን ያለ ሰው በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆም ቃሉ ሚዛን የሚደፋው፣ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር የሚለውን አነጋገር ከወዳጆቹ አፍ ሲሰማም ያልማረ ስለሆነ ይመስለኛል።

በ1986 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጆርጂያ በመጣ ክስ የሰዶም ሕጎችን 5 ለ 4 አጸደቀ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዋረን በርገር በራሳቸው አስተያየት የምዕራቡ ሥልጣኔ ታሪክ በሙሉ ከዚህ ውሳኔ ጎን እንደሚቆም ጻፉ። ለታሪክ ጸሐፊዎች ይህ እንደ ጥሪ ነበር። ዲኤሚሊዮ ከባልደረባቸው ከኤስቴል ፍሪድማን ጋር በ1988 ያወጡት የአሜሪካ የጾታ ግንኙነት ታሪክ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ሕጉ ማንን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀጣ ይተነትናል። ከ1995 እስከ 1997 ዲኤሚሊዮ ዋሽንግተን ገብተው የአገር አቀፉ የጌይና ሌዝቢያን ግብረ ኃይል የፖሊሲ ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው ሠሩ። ምሁር በጥናቱ በሚጽፈውና ድርጅት ነገ ጠዋት በሚፈልገው መካከል ያለውን ርቀት ያዩት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ምርምራቸው ተመለሱ።

በ2003 ሁለት ነገር ሆነ። የሰዶም ሕግን የሚሞግት የቴክሳስ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ጆርጅ ቾንሲ፣ ናንሲ ኮት፣ ፍሪድማን፣ ዲኤሚሊዮና ሌሎች የታሪክ ምሁራን ለዳኞቹ የጽሑፍ አስተያየት አስገቡ። የቅኝ ግዛት ዘመን ሕጎች ያነጣጠሩት በአንድ ዓይነት ሰው ላይ አልነበረም፣ የወንድና የሴትን ግንኙነትም ይነኩ ነበር፤ ለተመሳሳይ ጾታ ብቻ ተለይቶ ሕግ መውጣት የጀመረው ገና በ1970ዎቹ ነው አሉ። ጁን 26 ቀን ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 የሰዶም ሕጎችን ሻረ። ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ በጻፉት ውሳኔ የ1986ቱ የታሪክ አረዳድ እንደተባለው እንዳልነበረ ገለጹ፤ የዲኤሚሊዮንና የፍሪድማንን መጽሐፍም በስም ጠቀሱ። የታሪክ መጽሐፍ ጽፎ ሕግ ሲለወጥ ማየት ብዙ ሰው የሚደርሰው ዕድል አይደለም።

የእኛ አገር የኢትዮጵያ ሕግም የተወለደበት ቀን አለው። በ1957 የወጣውና ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600፣ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ይቀጣሉ። የሃይማኖት ውግዘቱ ከዚህ ሁሉ እንደሚቀድም ግልጽ ነው። ነገር ግን ውግዘት ሌላ፣ የመንግሥት ክስ ሌላ፤ ከግራቨን በፊት በአገራችን ማን በዚህ ጉዳይ ተከስሶ ምን ፍርድ አገኘ የሚለው ከመዝገብ ተፈልጎ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው የ2003 ነገር የራስቲን የሕይወት ታሪክ ነው። ዲኤሚሊዮ ያንን በ1953 የታሰሩ፣ በ1963 ሰልፉን ያደራጁ፣ ከዚያም ከትግሉ ትዝታ ወደ ጥግ የተገፉ ሰው ወደ መሀል መለሷቸው፤ መጽሐፉ ለብሔራዊ የመጻሕፍት ሽልማት ታጨ። ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የጥቁሮች መብት፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የሰላም ጥያቄና የአንድ ሰው የግል ሕይወት በአንድ አካል ውስጥ እንዴት እንደተጋጩ ሳያለዝቡ ያሳያሉ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ2004፣ ሌላው ታሪክ ጸሐፊ ዴቪድ ጆንሰን የ1950ዎቹን ማባረር ከመንግሥቱ ከራሱ ማኅደር አውጥተው አሳተሙ። የሆይ ኮሚቴ ወረቀቶች፣ የብሊክ ግምት፣ የሬድል ተረት፣ ሁሉም በቦታው አለ። ሰዎቹን ለማጥፋት የተሰበሰበው ፋይል የሰዎቹ ማስረጃ ሆኖ ተመለሰ። የካሜኒ ወዳጆች ቻርልስ ፍራንሲስና ቦብ ዊቴክ ደግሞ የካሜኒን ቆጥ አራገፉ፤ በ2006 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰነዶች ወደ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ የ1965ቱ መፈክሮች ወደ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሄዱ። በጁን 2009 የፌደራል ሠራተኞች አስተዳደር ዳይሬክተር ጆን ቤሪ፣ እሳቸውም በግልጽ ጌይ የሆኑ ሰው፣ በመንግሥት ስም ለካሜኒ የይቅርታ ደብዳቤ ሰጡ። ካሜኒ እዚያው ይቅርታውን ተቀበሉ፤ ከተባረሩ 52ኛ ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። በኦክቶበር 2011 በ86 ዓመታቸው ዐረፉ።

ያኔ ክርክሩ ወደ ጋብቻ ዞሮ ነበር። ዲኤሚሊዮ እዚህም ከሰልፉ ወጣ ብለው ቆሙ፤ በ2006 የጋብቻ ትግሉ ወደ ኋላ እየጎተተን ነው የሚል ጽሑፍ አወጡ። ከሽንፈት በኋላ ሽንፈት እየቆጠርን ነው፣ የሰው አኗኗር ራሱ ከጋብቻ እየራቀ ሳለ እኛ ወደዚያ እንሮጣለን የሚል ስጋት ነበራቸው። በዚያው ዓመት ቨርጂኒያ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው የሚል አንቀጽ በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥቷ ውስጥ ስትከት ስጋቱ ልክ መስሎ ነበር። ኖቬምበር 6 ቀን 2012 ግን ሜሪላንድ በ52 ከመቶ ድምፅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን አጸደቀች። ጥያቄ 6 ይባል ነበር፤ ዜግነት ወስደው በሲልቨር ስፕሪንግ ድምፅ የሰጡ ኢትዮጵያውያን ፊትም ቀርቧል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በሰፊ ልዩነት ደገፈው። እንግዲህ ታሪክ ጸሐፊው ያለፈውን ያህል የሚመጣውን አላዩም።

ከ2013 መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 2014 ባለው ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ ተጋብተው ቤልትዌዩን ይዘው የውድሮ ዊልሰንን ድልድይ ተሻግረው አሌክሳንድሪያ የገቡ ጥንዶች በቨርጂኒያ ሕግ ፊት እንደ ባዕድ ይቆጠሩ ነበር። ይህን ያቆመው የፌደራል ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ በጁን 2015 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለአገሪቱ በሙሉ ወሰነ። በጃንዋሪ 2017 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ፣ ፒዩሪፎይ ቁጥር በጠሩበት መሥሪያ ቤት ስም፣ ለተባረሩት ይቅርታ ጠየቁ። ለራስቲን የ1953 ፍርድ የካሊፎርኒያ ገዥ በ2020 ምሕረት ሰጡ። በዚያው ዓመት ወጣቱ ታሪክ ጸሐፊ ኤሪክ ሰርቪኒ ከካሜኒ ወረቀቶች ተነሥተው የጻፉት መጽሐፍ ወጣ፤ ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩም ሆነ።

የቨርጂኒያው የ2006 አንቀጽ ኃይል ባይኖረውም ከሕገ መንግሥቱ ገጽ ላይ አልተፋቀም ነበር። ለማንሣት ምክር ቤቱ በመካከሉ ምርጫ ተደርጎ ሁለት ጊዜ ማጽደቅ፣ ከዚያም ሕዝቡ ድምፅ መስጠት አለበት። በ2025 የመጀመሪያውን ዙር አለፈ። በሴኔቱ በኩል ሐሳቡን ያቀረቡት የአሌክሳንድሪያው አዳም ኢቢን ናቸው፤ በ2003 ሲመረጡ በግዛቲቱ ምክር ቤት በግልጽ ጌይ የሆኑ የመጀመሪያው ሰው ነበሩ።